ኒም፣ የግራር ቅርፊትና አቡጀዲ፦ የጫማ ንጣፍ ጨርቅ ሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት፦ ጨርቁን ማዘጋጀት

ሥራው ይህ ነው፦ ከጫማ ውስጥ የሚነጠፍ፣ የእግር ሽታን የሚቀንስ የጥጥ ጨርቅ በዕፅዋት ጭማቂ ነክሮ ማውጣት። በድሬዳዋ ሙቀት ጫማ ውስጥ እግሩ የማይልበው ሰው የለም፤ ኒም ደግሞ በየመንገዱ ዳር ጥላ ሆኖ ቆሟል፣ ቅጠሉን ብትለቅም ዋጋ የሚጠይቅህ የለም።

ላብ ብቻውን ብዙም አይሸትም። ሽታውን የሚያመጡት ቆዳ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ የተባለው በላብ ውስጥ ያለውን ሊዩሲን የሚባል አሚኖ አሲድ ሰባብሮ አይሶቫለሪክ አሲድ ያወጣል፤ የምናውቀው የካልሲ ሽታ በአብዛኛው እሱ ነው። ስለዚህ ጨርቁ ሽታውን በሌላ ሽታ እንዲሸፍን ሳይሆን ባክቴሪያው እንዳይራባበት ነው የምፈልገው።

የመረጥኩት አቡጀዲ ነው፤ ያልነጣ፣ በካሬ ሜትር 140 ግራም አካባቢ የሚመዝን። ከፋብሪካ ሲወጣ ድሩ በስታርች የተለበጠ ስለሆነ እንዳለ ቢነክሩት ፈሳሽ አይጠጣም። ስታርች የሚበላ ኢንዛይም በትንሽ መጠን የሚሸጥልኝ ስላጣሁ ወደ ቀፊራ ገበያ ሄጄ የገብስ ብቅል ገዛሁ። ብቅል አሚላዝ አለው፤ የጠላን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው ያው ነው፤ የድሮ ፋብሪካዎችም ጨርቅ የሚያጸዱት በብቅል ነበር። የተፈጨውን ብቅል በ60 ዲግሪ ውሃ በጥብጬ፣ አጥልዬ፣ አቡጀዲውን ለአንድ ሰዓት ዘፈዘፍኩት። ውሃው ከዚህ ብዙ ከጋለ ኢንዛይሙ ይበላሻል። ማረጋገጫው የፋርማሲ አዮዲን ነው፦ ጠብ ሲደረግበት ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ስታርች አለ፣ ቢጫ ቡናማ ሆኖ ከቀረ ወጥቷል። ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ስለቀረ ዘፍዝፌ ደገምኩት።

ቀጥሎ ኮስቲክ ሶዳ፣ በሊትር 10 ግራም፣ አንድ ሰዓት ማፍላት። የጥጡ ሰምና ዘይት የሚወጣው እዚህ ነው፤ ውሃው የሻይ ቀለም ይይዛል። ጓንትና መነጽር ሳያደርጉ ድስቱ አጠገብ መቆም አይገባም። ካለቀ በኋላ ጨርቁ ላይ የውሃ ጠብታ ቢያርፍ ወዲያው መጥፋት አለበት፤ ጠፋ።

በበረኪና ማንጣቱን ተውኩት። ምርመራውን የምትሠራልኝ የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ ጓደኛዬ ገና ስነግራት፣ «በረኪና የነካውን ጨርቅ ወደ እኔ አታምጣው፤ ባክቴሪያውን ቅጠልህ ይግደለው በረኪናው ማወቅ አልችልም» አለችኝ። የጫማ ንጣፍ ደግሞ ነጭ መሆን የለበትም። ነገሩ በዚያ አበቃ ብዬ ነበር፤ ጥያቄዋ ግን ከዚያ በኋላ በየደረጃው እየተመለሰ መጣ።

ስለ ውሃው አንድ ነገር፦ የድሬ ውሃ ካልሲየም የበዛበት ነው፣ የማንቆርቆሪያችንን ውስጥ ያየ ያውቀዋል። ለእጥበቱ ግድ የለም፤ ለመጨረሻ ማለቅለቂያና ለመንከሪያው ግን ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ገዛሁ።

ኅዳር፦ ቅጠልና ቅርፊት

ለሙከራ ሦስት ዕፅዋት ያዝኩ፦ ኒም፣ ጤና አዳምና የግራር ቅርፊት። ጤና አዳሙን ስገዛ ሻጯ፣ «ለቡና ነው ለመድኃኒት?» አሉኝ።

«ለጫማ ነው እማማ።»

«ጤና አዳም ለጫማ? እግርህን ምን ነካው ልጄ?» ብለው አንድ እስር መረቁልኝ።

ቅጠል በጥላ ነው የሚደርቀው። የኒም ዋና ንጥረ ነገር አዛዲራክቲን ፀሐይም ሙቀትም ይሰባብረዋል፤ ጣራ ላይ አስጥቶ ማድረቅ እዚህ ከተማ ቀላል ነበር፣ ግን ገለባ ነው የሚተርፍህ። በረንዳ ላይ ማዳበሪያ ዘርግቼ፣ እያገላበጥኩ አደረቅኩት። ለመፍጨት ወፍጮ ቤት ልወስደው ብዬ ነበር፤ ባለወፍጮው ከበርበሬ በኋላ እንደሚያስገባልኝ ሲነግረኝ ተመለስኩ። የበርበሬ ብናኝ ያለበትን ዱቄት የሰው እግር ሥር ማንጠፍ ሌላ ፈጠራ ይሆን ነበር። በሙቀጫ ወቀጥኩት።

ማውጫው 70 በመቶ ኤታኖል ነው፤ ለአንድ እጅ ዱቄት አሥር እጅ ፈሳሽ፣ ክዳን ባለው ማሰሮ፣ ለ48 ሰዓት በየጊዜው እየነቀነቁ። ንጹሕ አልኮል በውሃ የሚሟሙትን ይተዋል፣ ንጹሕ ውሃ ደግሞ ቅባታማዎቹን ይተዋል፤ ቅልቅሉ ሁለቱንም ይወስዳል። ችግሩ ዋጋው ነው። ኤታኖል በአገራችን ከስኳር ሞላሰስ ይወጣል፣ ፊንጫና መተሐራ ማምረቻ አላቸው፤ በኬሚካል መደብር በሊትር ሲሸጥ ግን ውድ ነው። የዚህ ሥራ ትልቁ ወጪ ጨርቁም ቅጠሉም አይደለም፣ አልኮሉ ነው።

ወጪ ለመቀነስ ካቲካላ ሞከርኩ። ግማሹ እንኳን አልኮል ስላልሆነ ከቅጠሉ ብዙ ሙጫ ይዞ ወጣ፤ ሲተን የቀረው ጣት ላይ የሚያጣብቅ ጥቁር ዝልግልግ ነበር፣ ማጣሪያ ወረቀቱንም ደፈነው። ጎረቤቴ ደግሞ ማታ በአጥር በኩል፣ «አረቄ ጀመርክ እንዴ?» አለ። ካቲካላው ቀረ።

አልኮሉን የማስተነው በሙቅ ውሃ ላይ በተቀመጠ ሰፊ የማይዝግ ትሪ ነው፤ በኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ነፋስ ባለበት በረንዳ ላይ። ከሰልና ጋዝ የሚባል ነገር አጠገቡ አይደርስም፤ የኤታኖል ተን ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል እየሄደ እሳት ይፈልጋል። ከ100 ግራም ደረቅ የኒም ቅጠል 12 ግራም ያህል ጥቁር አረንጓዴ ጭማቂ ቀረልኝ። መራራነቱ ሳሙና አይፈታውም፤ እንጀራ ስቆርስ አብሮኝ ነበር።

አረንጓዴው ራሱ ጣጣ ነው። ክሎሮፊሉ በሙከራ ጨርቁ ላይ እንዳለ ሲቀር ነጭ ካልሲ አረንጓዴ አደረገ። ጭማቂው ጥቅጥቅ ሳይል ጥቂት ውሃ ጨምሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር ረዳ፤ አብዛኛው ክሎሮፊል ከሥር ይዘቅጣል፣ ከላይ ያለው ቡናማ ፈሳሽ ይቀዳል።

የግራሩ ቅርፊት አልኮል አይፈልግም። ቅርፊቱ ውስጥ ያለው ቆዳ የሚያለፋ ንጥረ ነገር፣ ታኒን፣ በሙቅ ውሃ በደንብ ይወጣል፤ ቆዳ ፋቂዎች ሲሠሩበት የኖሩት ይህንኑ ነው። ቀቅዬ፣ አጥልዬ፣ በጠርሙስ አስቀመጥኩት። ለባክቴሪያ ማጥፊያ የተዘጋጀው ውሃ በጠረጴዛዬ ላይ ሻጋታ አበቀለ! ታኒን የማይገታቸው ሻጋታዎች አሉ፤ እንዲያውም እየበሉት የሚያድጉ አሉ። ከዚያ ወዲያ ቅርፊቱ የሚቀቀለው በሚነከርበት ቀን ብቻ ሆነ።

ጤና አዳሙ ከውድድሩ የወጣው በራሱ ጊዜ ነው። እርጥቡን ቅጠል ጨምቄ ከሰዓት በኋላ በፀሐይ ወጣ ገባ ስል ነበር። በማግሥቱ ክንዴ ቀላ፣ ቀጥሎ ውሃ ቋጠረ፣ ጠባሳው ቡናማ ሆኖ ወራት ቆየ። ጤና አዳም ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ ቆዳ ላይ ሆነው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኛቸው ያቃጥላሉ። ቡና ላይ አንዲት ቅርንጫፍ ጣል ማድረግ ሌላ ነው፤ ላብ በሚያረጥበው ጨርቅ ላይ አድርጎ ሰንደል ጫማ ለሚያደርግ የድሬ ሰው መስጠት ግን በጭራሽ። የተረፈውን በቡና ጨረስነው።

ታኅሣሥ፦ መጭመቂያና ሲትሪክ አሲድ

ጥጥ በባሕርዩ የዕፅዋት ጭማቂ አጥብቆ አይዝም። ውሃ ውስጥ ጥጡም በጭማቂው ያሉት ፖሊፊኖሎችም (የታኒን ዘመድ የሆኑ ንጥረ ነገሮች) አሉታዊ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስላላቸው ይገፋፋሉ፤ በመካከል አያያዥ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የሞከርኩት በምርምር ጽሑፎች ላይ በብዛት የሚገኘውን ነው፦ ሲትሪክ አሲድ፣ የሎሚው አሲድ። ካርቦክሲል የሚባሉ ሦስት መያዣ ጫፎች ስላሉት በሙቀት በአንዱ ከጥጡ ሴሉሎስ፣ በሌላው ከጭማቂው ሃይድሮክሲል ጋር ኤስተር የሚባል ማሰሪያ ይሠራል ተብሎ ይጠበቃል። ማፋጠኛው ሶዲየም ሃይፖፎስፋይት ነው፤ ገበያ ላይ የለም፣ ፋብሪካ ከሚሠራ ወዳጄ ጥቂት ተለምኖ መጣ።

መንከሪያው፦ በሊትር 50 ግራም የኒም ጭማቂ፣ 60 ግራም ሲትሪክ አሲድ፣ 40 ግራም ሃይፖፎስፋይት።

በፋብሪካ ጨርቁ ተነክሮ በሁለት የጎማ ሲሊንደሮች መካከል ይጨመቃል፤ ፓደር ይሉታል። እኔ ከአሸዋ ገበያ አሮጌ የፓስታ ማሽን ገዛሁ። ብረቱ ለብቻው ጨርቁን እኩል አይጨምቅም፣ መካከሉ እርጥብ ጠርዙ ደረቅ ይሆናል፤ ሲሊንደሮቹን በብስክሌት የውስጥ ጎማ ጠቅልዬ በማጣበቂያ ካሰርኩት በኋላ ተስተካከለ። የሚለካው እንዲህ ነው፦ 20 ግራም ደረቅ ጨርቅ ተነክሮና ተጨምቆ ሲወጣ 36 ግራም ከመዘነ 80 በመቶ ፈሳሽ ወስዷል። ከዚህ በላይ ከሆነ ሲደርቅ ጭማቂው ወደ ጠርዝ ይሸሻል፣ ጨርቁ ካርታ ይመስላል።

በጥላ ካደረቅኩት በኋላ ምድጃ፦ 160 ዲግሪ፣ 3 ደቂቃ። የምድጃው ቁጥር 160 ቢልም ያስገባሁት ቴርሞሜትር ከኋላ ጥግ ከ180 በላይ አሳየ። ከኋላ የነበረው ቁራጭ የደረቀ ጭድ ቀለም ይዞ ወጣ። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው በምድጃው ቁጥር ተማምኖ ይህን ሥራ አይጀምር።

ከቀለሙ የከፋው ጥንካሬው ነው። መለኪያ ማሽን ስለሌለኝ 2.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ በሁለት እንጨት መካከል አስሬ፣ ከታች ጀሪካን አንጠልጥዬ፣ እስኪበጠስ ውሃ እጨምራለሁ። ያልተነካው አቡጀዲ 18 ሊትር አካባቢ ቻለ፤ ምድጃ የገባው 11 ላይ ተበጠሰ። ሲትሪክ አሲድ በሙቀት የሴሉሎስን ሰንሰለት ይቆርጣል፣ ያስተሳስራልም፤ ሁለቱም ጨርቁን ተሰባሪ ያደርጉታል። ተረከዝ ለሚፈትገው ንጣፍ ይህ መጥፎ ዜና ነው። አዛዲራክቲኑም ቢሆን ከዚያ ሙቀት ምን ያህሉ እንደተረፈ እግዜር ይወቀው።

ጥር፦ ማን ገደለው?

የመጀመሪያው ምርመራ ቀላሉ ነበር። ሙለር ሂንተን አጋር በሚባል የባክቴሪያ ማብቀያ ላይ ባክቴሪያው በጥጥ እንጨት ይሰመራል፤ ብዛቱ በማክፋርላንድ የድፍርስነት መለኪያ 0.5፣ ማለትም በሚሊ ሊትር 150 ሚሊዮን አካባቢ። በላዩ ላይ ክብ የጨርቅ ቁራጭ ይቀመጥና በ37 ዲግሪ ያድራል። የተጠቀምናቸው ባክቴሪያዎች ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ኤቲሲሲ 25923 እና ኢ. ኮላይ ኤቲሲሲ 25922 ናቸው፤ ቁጥሮቹ ላቦራቶሪዎች የሚጠቀሙበት የዝርያ መለያ ናቸው። ጨርቁን በኦቶክሌቭ፣ ማለትም በግፊት እንፋሎት፣ ማምከን ጭማቂውን በድጋሚ መቀቀል ስለሚሆን በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር በሁለቱም ገጹ አሳለፍነው።

ጠዋት ስገባ ጓደኛዬ ሳህኑን በብርሃን ፊት ይዛ እያየችው ነበር። በኒሙ ጨርቅ ዙሪያ ጥርት ያለ ቀለበት ነበር፣ ባክቴሪያ ያልበቀለበት። ደስ አለኝ። እሷ ግን ሁለተኛውን ሳህን አቀረበችልኝ፦ ሲትሪክ አሲድ ብቻ የነካው፣ ኒም የሌለበት ቁራጭ። ቀለበቱ ያው ነው፤ በማስመሪያ ብንለካው ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አይበልጥም።

«ቅጠልህ ሳይሆን ሎሚህ ነው የገደለው» አለች።

በጨርቁ ውስጥ ሳይታሰር የቀረ አሲድ ነበር። በትንሽ ሶዲየም ካርቦኔት ውሃ አለስልሼ፣ ፒኤቹ 7 አካባቢ፣ ማለትም አሲድም አልካሊም ያልሆነ ገለልተኛ እስኪሆን ደጋግሜ ሳጥበው የሁለቱም ቀለበት ጠፋ። እዚህ ላይ ተስፋ የቆረጥኩ መስሎኝ ነበር፤ ያዳነኝ የእሷ ማብራሪያ ነው። ቀለበት የሚያሳየው ንጥረ ነገሩ ከጨርቁ ወጥቶ ወደ አጋሩ መፍሰሱን ነው። በሚገባ የተሳሰረ ነገር አይፈስም፤ የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው። ትልቅ ቀለበት ያለው ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት ባዶውን የሚቀር ጨርቅ ሊሆን ይችላል። ትልቅ ቀለበት ፎቶ አንስተው ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት ጥሩ ነበር።

ስለዚህ ወደ ቆጠራ ተሻገርን፤ ኤኤቲሲሲ 100 የሚባለው የጨርቅ መመርመሪያ ዘዴ። 4.8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ክብ ቁራጮች ተደራርበው በጠርሙስ ውስጥ 1 ሚሊ ሊትር የባክቴሪያ ፈሳሽ ይጠጣሉ፣ 24 ሰዓት ያድራሉ፣ ከዚያ በ100 ሚሊ ሊትር ማርከሻ ፈሳሽ ተነቅንቀው የተረፈው ይቆጠራል። ማርከሻው የግድ ነው፤ አለዚያ ከጨርቁ የሚወጣው ነገር በቆጠራው ሳህን ላይ መግደሉን ይቀጥልና ውጤቱ ያምራል።

ማነጻጸሪያ ጨርቆቹም በዙ፦ ምንም ያልነካው፣ አልኮል ብቻ፣ ሲትሪክ ብቻ፣ ሁሉም ያለበት። ገለልተኛ ከተደረገ በኋላ የኒምና የሲትሪኩ ጨርቅ ኦሬየስን ወደ 90 በመቶ ቀነሰ፣ ሲትሪኩ ብቻውን ከዚያ በብዙ አነሰ። ኢ. ኮላይ ላይ ግን ግማሽ እንኳን አልደረሰም። እንደ ኢ. ኮላይ ያሉ ግራም አሉታዊ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ከውጭ ተጨማሪ ሽፋን ስላላቸው የዕፅዋት ንጥረ ነገር በቀላሉ አይገባላቸውም፤ የሚጠበቅ ነው። ለእግር ሽታ ዋናዎቹ ይህ ሽፋን የሌላቸው ግራም አዎንታዊዎቹ ስለሆኑ አላስጨነቀኝም።

90 በመቶ ግን ጆሮ ላይ ከሚሰማው ያነሰ ነው። ከ100,000 ባክቴሪያ 10,000 ተረፈ ማለት ነው፤ በተመቸው ቦታ በየግማሽ ሰዓቱ ለሚበዛ ነገር ይህ የሰዓታት ሥራ ነው። ቢያንስ 99 እፈልጋለሁ፣ ያውም ከታጠበ በኋላ።

የካቲት፦ ቅርፊትና አሉም

ምድጃውን ተውኩት። አዲሱ መንገድ ያረጀ ነው፤ የጥጥ ቀለም ነካሪዎች ሁሉ የሚያውቁት፦ መጀመሪያ ታኒን፣ ቀጥሎ አሉም፣ በመጨረሻ ጭማቂው። ታኒን በጥጡ ውስጥ ይገባል፤ የአሉሙ አሉሚኒየም ከታኒኑ ጋር ተያይዞ በውሃ የማይሟሟ ነገር ይሆናል፣ የኒሙንም ፖሊፊኖሎች ይይዛል። ሙቀቱ 60 ዲግሪ አካባቢ ይበቃል። አሉም ፀጉር ቤቶች ምላጭ ሲቆርጥ የሚያሹት ነጭ ድንጋይ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ሞልቷል።

የመጀመሪያው ትልቅ ነክር ጥቁር ግራጫ ሆኖ ወጣ። ቅርፊቱን የቀቀልኩበት በርሜል ከውስጥ ዝጎ ነበር፤ ታኒን ብረት ሲያገኝ ቀለም ይሆናል፣ የድሮ የጽሕፈት ቀለም የሚሠራው በዚሁ ነው። ሦስት ሜትር ጨርቅ በዚያው ሄደ፤ ባለቤቴ ወጥ ቤት ይዛዋለች፣ እድፍ አያሳይም ብላ ወዳዋለች። ከዚያ በኋላ የማይዝግ ድስትና የፕላስቲክ ጀሪካን ብቻ።

በተስተካከለው ድስት የወጣው ጨርቅ የገብስ ቆሎ ቀለም አለው፤ ካልሲ አያቀልምም። በጀሪካን ሙከራው ካልተነካው አቡጀዲ ጋር ያለው ልዩነት የሚጠቀስ አይደለም። እስከዚህ ድረስ ጥሩ።

ምርመራ ላይ ግን የጥር ወሩ ጥያቄ፣ «ማን ገደለው?»፣ ዞሮ መጣ። አሉም ራሱ ባክቴሪያ ይገታል፤ በብብት ሽታ መከላከያነት የሚሸጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ታኒንም ፕሮቲን አያይዞ ስለሚያጠነክር ለብቻው ይገታል። ስለዚህ አሉም ብቻ፣ ቅርፊትና አሉም፣ ቅርፊትና አሉም ከኒም ጋር፣ ሁሉም ጎን ለጎን ተቆጠሩ።

ኦሬየስ ላይ አሉም ብቻውን መጠነኛ ነው። ቅርፊትና አሉም ያለ ኒም 95 በመቶ አካባቢ ደረሱ። ኒሙ ሲጨመር ከ99 አለፈ። ሥራውን የሠራው በአብዛኛው ቅርፊቱ ነው ማለት ነው፤ ኒሙ የመጨረሻዋን ዳገት ገፋ እንጂ ሸክሙን አልተሸከመም። ይህን ለሁለት ሰዎች ነግሬ ሁለቱም አልወደዱትም፤ «የኒም ንጣፍ» የሚለው ስም ይሸጣላ!

መጋቢት፦ እጥበት

የእጥበት ጥንካሬ በላቦራቶሪ የሚፈተነው በሚሽከረከር ማሽን ውስጥ፣ በማይዝግ የብረት ኳሶች፣ በ40 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ነው። ከጋራዥ የኩሽኔታ ኳስ ለመለመን ሄጄ መንገድ ላይ በርሜሉ ትዝ አለኝ፤ ብረት! የልጆች ብይ ገዛሁ። ክዳን ባለው ብርጭቆ ውስጥ ጨርቁ፣ የሳሙናው ውሃና ብዮቹ ይገቡና እጅ እስኪዝል ይነቀነቃል።

በዱቄት ሳሙና የሲትሪኩ ጨርቅ በአምስት እጥበት ከተራ አቡጀዲ የማይለይ ሆነ። የሳሙናው አልካሊ ኤስተሩን ይፈታዋል፤ ሙቅ ውሃ ሲጨመርበት ይፋጠናል። የቅርፊትና የአሉሙ ጨርቅ ቀስ ብሎ ወረደ፤ በአሥረኛው እጥበት 90 አካባቢ ነበር። የሚያስገርመው ኒም ያለበትና የሌለበት እዚያ ላይ እኩል መሆናቸው ነው። ኒሙ ቀድሞ ታጥቦ ይወጣል።

ለሳሙናው አማራጭ እንዶድ ሞከርኩ። ጋቢና ነጠላ በእንዶድ የሚያጥቡ እናቶች ጨርቁ አይጎዳም ሲሉ እሰማ ነበር፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው፣ አረፋውን የሚያወጣው ሳፖኒን እንደ ሳሙና አልካሊ አይደለም። የደረቀውን ፍሬ ወቅጬ ስበጠብጠው ፒኤቹ ወደ ገለልተኛ ይቀርባል። በዚያ የታጠበው ቁራጭ አሥር እጥበት አልፎም 95ን አልለቀቀም። ማነጻጸሪያው እዚህም አለ፤ እንዶድ ራሱ ተህዋስያን ይጎዳል፣ ስለዚህ ተራ አቡጀዲም በእንዶድ ታጥቦ፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ተለቅልቆ ተቆጠረ። ብቻውን የሚጠቀስ ነገር አላሳየም።

የእንዶዱን እጣቢ የትም አላፈስም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉት ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት የወንዝ ዳር በታች ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው መገኘታቸውን ነበር፤ የበሽታው መከላከያ ምርምር የተነሳው ከዚያ ነው። ዓሣንም ይገድላል። ጉድጓድ ቆፍሬ እዚያ ነው የሚፈሰው፣ የከተማችን ወንዝ ደቻቱም ቢሆን ጎርፍ ሲመጣ ወደ ሰው መጠጫ ይደርሳል።

ግን ደንበኛ ንጣፉን በእንዶድ ያጥባል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ያለ ሙቅ ውሃ፣ በትንሽ ሳሙና ብቻ እንዲታጠብ በወረቀት ላይ ይጻፋል።

ሚያዝያ፦ ባጃጆች

የላቦራቶሪ ባክቴሪያ ጫማ አያደርግም። ለባጃጅ ሾፌሮች ሰጠሁ፤ ቀኑን ሙሉ በላስቲክ ጫማ ሞተር አጠገብ ስለሚቀመጡ ከእነሱ የተሻለ ፈታኝ የለም። እግሩ ላይ ቁስል ያለበት ሰው አልወሰድኩም፤ አስቀድሜም ራሴ አድርጌው ማሳከክ እንደሌለው አይቻለሁ። ለእያንዳንዱ አንድ የተነከረ አንድ ያልተነከረ ንጣፍ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነገረው።

ቀለሙ ግን ያጋልጣል። ያልተነከረውን ለማመሳሰል ሻይ ቅጠል ላይ ላፈላው ነበር፤ ድስቱ ተጥዶ ሳለ ሻይም ታኒን መሆኑ ታወሰኝ። የሽንኩርት ልጣጭም ያው ፖሊፊኖል ነው። በመጨረሻ ተራ የፋብሪካ የጥጥ ቀለም ተጠቀምኩ፣ ልዩነቱ ከሩቅ አይታወቅም።

አብዛኞቹ የተነከረውን በትክክል ለዩት፣ በሽታው ብቻ። አንዱ ግን ሁለቱም ምንም አይሸቱም ብሎ ድርቅ አለ።

«እንዴት ሊሆን ይችላል ወንድሜ? አንደኛው ተራ ጨርቅ ነው እኮ።»

«እኔ ምን አውቄ፤ ሚስቴ በበረኪና አጥባ ፀሐይ ላይ ነው የምታሰጣው።»

ቁራጮቹ ከመዝገቡ ወጡ። ለሷ የምሸጠው ነገር የለኝም፣ በርትታ ትቀጥል።

በማሸጊያው ላይ «ፀረ ባክቴሪያ» ወይም «ፈንገስ ይፈውሳል» የሚል ነገር አይጻፍም። የእግር ፈንገስ ላይ ምንም አልፈተንኩም፤ የፈተንኩትም ሽታን እንጂ በሽታን አይመለከትም። «የእግር ሽታ ይቀንሳል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል» ይበቃል።

ሒሳቡ፦ አንድ ካሬ ሜትር አቡጀዲ 140 ግራም ነው፣ በ80 በመቶ 112 ሚሊ ሊትር መንከሪያ ይጠጣል። በሊትር 50 ግራም ሲሰላ 5.6 ግራም የኒም ጭማቂ፣ ይህም 47 ግራም ያህል ደረቅ ቅጠልና 470 ሚሊ ሊትር አልኮል ማለት ነው። አልኮሉ ተንኖ ይጠፋል፤ መልሶ ለመያዝ ማቀዝቀዣ ያለው ማጣሪያ ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ ከሙሉ ሥራው በላይ ያስወጣል። ቅርፊቱ ውሃና ማገዶ ብቻ ነው የሚፈልገው። ኒሙ ለሚሰጠው፣ በአሥር እጥበት ለሚጠፋ አራት በመቶ የግማሽ ሊትር አልኮል ዋጋ አይገባውም። ኒሙን በሙጫ አረቢክና በጄላቲን ጥቃቅን ከረጢት ውስጥ አሽጎ ጨርቁ ላይ የማሳረፍ ዘዴ አለ፣ እጥበት የሚያስቆየው በዚያ ነው ይባላል፤ ሙጫውን ገዝቻለሁ፣ ክረምት ላይ አየዋለሁ።

እስከዚያው ያለው አሠራር፦ ብቅል፣ ኮስቲክ ሶዳ፣ በዕለቱ የተቀቀለ የግራር ቅርፊት በ60 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት፣ መጭመቅ፣ አሉም በሊትር 15 ግራም ለግማሽ ሰዓት፣ በተጣራ ውሃ ሁለት ጊዜ ማለቅለቅ፣ በጥላ ማድረቅ። የሚቀጥለው ዙር ቅርፊትና አሉም ብቻ ነው፤ ኒም የነካው አንድ ቁራጭ ለማነጻጸሪያ ይገባል።